የሁለት መቶ አስራ አራት ቤተሰብ ደም

ኢንስፔክተሩ ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ አንዲት ሴት ወለሉን እየወለወለች ታለቅሳለች።

«እባክሽ እህቴ፣ ተዪው። ማስረጃ ነው» አላት።

«ውሃ እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

«ውሃውም ማስረጃ ነው።»

መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የላብራቶሪው ብልቃጥ አጣቢ ናት። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከፕሮፌሰሩ ጀምሮ እስከ ተማሪዎቹ ድረስ ግን ሁሉም «እታለም» ነው የሚላት። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሩን ስትከፍት ጫማዋ ውሃ ረገጠ። ቧንቧ የፈነዳ መሰላት። ከዚያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አይታ ጮኸች።

ውሃው የመጣው ከፍሪዘሩ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነጭ ቁም ሳጥን ነው፤ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ። ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ደወልም በቁልፍ ተዘግቷል። ቁልፉ እዚያው ላይ እንደተሰካ ነው።

ኢንስፔክተሩን ጣቢያው ውስጥ «ሙጫ» ይሉታል። አንድ ጉዳይ ላይ ከተጣበቀ የሚያላቅቀው የለም ለማለት ነው። ለጡረታው አንድ ዓመት ከአራት ወር ቀርቶታል፤ ግድያም፣ ዝርፊያም፣ ቃጠሎም መርምሯል። ጠዋት ስልክ ሲደወልለት ግን «የቀለጠ ፍሪዘር ከሆነ ለጥገና ሠራተኛ ደውሉ እንጂ፣ እኔን ለምን ትጠሩኛላችሁ?» ብሎ ነበር።

አብራው የመጣችው ሳጅን ወደ ኮሪደሩ ጠቆመችው። አንዲት ነጭ ጋወን የለበሰች ሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በትናንሽ ብልቃጦች የተሞላ ካርቶን አቅፋለች። ብልቃጦቹ የትንሽ ጣት ጫፍ አያክሉም።

«ዶክተሯ እሷ ናት» አለች ሳጅኗ በሹክሹክታ። «ፍሪዘሩ የእሷ ምርምር ነው።»

ኢንስፔክተሩ ጉልበቱ እያመመው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ዶክተር፣ ምን ምን ነው የጠፋው?»

«ሁለት መቶ አስራ አራት ቤተሰብ» አለች።

ደነገጠ። «ሰው ተጎድቷል እንዴ?»

«ደማቸው ነው። የልጆችና የእናቶች።» ድምጿ ይቆራረጣል። «አንድ የጡንቻ በሽታ አለ። ወንዶች ልጆችን ነው የሚይዘው። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው መውደቅ ይጀምራሉ። በአስር ዓመታቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናቸው። ከዚያ ደረታቸው፣ ከዚያ ልባቸው… የሚመጣው በእናት በኩል ነው። የትኛዋ እናት ተሸካሚ እንደሆነች፣ የትኛው ልጅ ላይ ደግሞ እንዲያው በራሱ እንደተፈጠረ ነው የማጠናው።»

«ደሙን እንደገና መውሰድ አይቻልም?»

ቀና ብላ አየችው። «ከልጆቹ ስልሳ አንዱ ሞተዋል» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ከዚያ ወዲያ ስለ ጥገና ሠራተኛ አልቀለደም።

*

ፕሮፌሰሩ እሁድ ማታ ነው ከውጭ አገር ስብሰባ የተመለሱት፤ የአውሮፕላን ትኬታቸውን ሳይጠየቁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የደወሉ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል?» አላቸው ኢንስፔክተሩ።

«ሦስት ሰው። እኔ፣ እሷ፣ ደግሞ የጠረጴዛ ጎረቤቷ የሆነው ተመራማሪ። ዕረፍት ስትወጣ ፍሪዘሩን የሚጠብቅላት እሱ ነው።»

«ዶክተሯስ ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስት ዓመት እዚህ ናት። ዶክትሬቷን ጨርሳለች፣ ግን ቋሚ ሥራ የላትም። እኛ ድኅረ ዶክትሬት እንላታለን፤ እናቷ ‹መቼ ነው ትምህርትሽን የምትጨርሺው?› እያለች ነው የምትጠይቃት። ኮንትራቷ በየዓመቱ ይታደሳል። ካልታደሰ የለችም። እዚያ ጠረጴዛ ሥር ፍራሽ አላት፤ እጮኛዋም የተዋት በዚሁ ነው ይባላል። በዚህ ነገር ከእሷ የበለጠ የተጎዳ የለም።»

«ናሙናዎቹን የሚፈልግ፣ ወይም የሚጠላ ሰው አለ?»

«ማን ይጠላል? እንዲያውም በሚቀጥለው ወር ወደ አንድ ትልቅ ማዕከል ተልከው የሁሉም ዘረ መል እንደ አዲስ ሊነበብ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ያሰባሰብነው…» ፕሮፌሰሩ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

ሳጅኗ የመግቢያ ካርዶቹን መዝገብ አመጣች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ የወጣችው የመጨረሻ ሰው ዶክተሯ ነበረች። ከዚያው ወደ እናቷ ዘንድ ሄዳ እሁድ ማታ ነው የተመለሰችው። የአውቶቡስ ትኬቷ አለ፤ እናትየዋም በስልክ አረጋግጣለች። የፍሪዘሩ ሙቀት መዝጋቢ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል፤ በምትኩ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ላይ በእጅ ይጻፋል። የዓርብ አስር ሰዓቱ መስመር «ከዜሮ በታች 79» ይላል፤ ከሥሩ የዶክተሯ ፊርማ። ከዚያ እስከ ሰኞ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤትየው ተመራማሪ ገብቶ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቷል።

«አለቀ በለኛ» አለች ሳጅኗ።

«ገና አልተጀመረም» አላት ሙጫ። ልቡ ግን እንደ እሷው አስቧል።

*

ጎረቤትየውን ባልደረቦቹ «ሩጫ» ይሉታል፤ ተቀምጦ ምሳ ሲበላ ያየው የለም። ቀጭን፣ ጢሙን ለቀናት ያልተላጨ ወጣት ነው።

«ቅዳሜ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ሴሎቼን ላበላ። ሴል ቅዳሜ እሁድ አያውቅም።»

«ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሃያ።»

«ሦስት ሰዓት ነው የቆየኸው።»

ሩጫ ጥፍሩን መብላት ጀመረ። «ትንሽ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ያለወትሮው ጸጥ ያለ ቀን ነበር፤ ደስ አለኝ።»

«ምን ጻፍክ?»

«የግሌ ነው።»

«ባለፈው ወር ኮሪደር ላይ ዶክተሯን ‹ይሄ ፍሪዘር ባይኖርሽ ማን ያውቅሽ ነበር› ብለሃታል አሉ።»

«ብያለሁ። ተናድጄ ነበር።»

«አንድ ቋሚ የሥራ ቦታ ወጥቷል። የቀራችሁት እጩዎች አንተና እሷ ናችሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ጻፍክ?»

ሩጫ አፉን ዘጋ። ጣቢያ ተወስዶ አንድ ሌሊት አደረ፤ እዚያም አልተናገረም። በማግስቱ ሳጅኗ ኮምፒውተሩን አስከፍታ፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ መጣች።

«ደብዳቤ ነው። ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለዩኒቨርሲቲው ልኮታል። ከውድድሩ ራሱን አግልሏል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያስተምር ነው።»

ኢንስፔክተሩ ሩጫን አስጠርቶ «ለምን አልነገርከንም?» አለው።

«አባቴ ገና አያውቅም» አለ ሩጫ። «ለመንደሩ ሁሉ ልጄ ሳይንቲስት ነው ብሏል። ከፖሊስ እንዲሰማ አልፈለግኩም።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «እኔ እንኳን የእሷን ፍሪዘር… ልጆቹን እኮ ሲመጡ አያቸዋለሁ፣ ኢንስፔክተር። ብዕሬ ሲወድቅብኝ ያነሱልኛል። ብዕሬን አንስተው የሚሰጡኝ እጆች ሲንቀጠቀጡ አያለሁ።»

ለቀቁት። መዝገቡ ላይ ሌላ የገባ ሰው አልነበረም።

*

ረቡዕ ዕለት ማሽኑ ራሱ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማረጋገጥ የጥገና ሠራተኛው መጣ። ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ሶኬቱን ሰካ፣ አንድ ማብሪያ ተጫነ። ፍሪዘሩ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አንኳኳና ተነሳ።

ክፍሉ በሙሉ ተናወጠ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ።

«ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ ሠራተኛው። «ምንም አልሆነ! እነዚህ አሮጌ ሞዴሎች እንዲህ ናቸው፣ እንደ ጭነት መኪና ነው የሚያጓሩት!»

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ኢንስፔክተሩም ጮኸ።

«ቀን ከሌት! እዚህ የሚሠሩ ሰዎች እንዴት እንደማይደነቁሩ!»

ኢንስፔክተሩ ሌላ ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ ነበር። እንደከፈተ ቀረ።

ያለወትሮው ጸጥ ያለ ቀን ነበር፤ ደስ አለኝ።

ሩጫ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲገባ ፍሪዘሩ ቀድሞውኑ ጠፍቶ ነበር። ከዓርብ አስር ሰዓት እስከዚያ ድረስ ደግሞ ነፍስ ያለው ፍጡር በዚያ በር አልገባም።

ወረቀቱን ከበሩ ላይ ቀስ ብሎ ላጠው። ከዜሮ በታች ሰባ ዘጠኝ። ፊርማው የተረጋጋ፣ ንጹሕ ነው። ያቺ ኮሪደር ላይ ካርቶን ታቅፋ የነበረች ሴት ለቅሶዋ እውነተኛ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሰው እንባ ያየ ሰው በዚህ አይሳሳትም። ታዲያ ስድስት ዓመቷን በገዛ እጇ የነቀለችው ለምንድን ነው?

*

እታለም ዓርብ ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ስለነበረች፣ ያየችው ነገር ካለ ሊጠይቃት ኢንስፔክተሩ ሐሙስ ረፋድ ቤቷ ሄደ። የዕረፍት ቀኗ ነበር። አንድ ክፍል ቤት ናት፤ መግቢያዋ ላይ ደረጃው ተነስቶ ጣውላ ተዘርግቷል። ውስጥ አስራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል። ገጹን የሚገልጠው በአገጩ ነው።

ኢንስፔክተሩ ልጁን አየ፣ እናቱንም አየ። «አንቺም ከሁለት መቶ አስራ አራቱ ነሽ?»

«ነኛ! ሥራውንም ያስገባችኝ ዶክተርዬ ናት። የትልቁን ደም ልትወስድ ስትመጣ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት።» ዓርብ ምንም እንዳላየች ነገረችው። ዶክተርዬ ትንሽ አሟት ነበር፤ ፊቷ ገርጥቶ ነበር። «ቀድመሽ ግቢ፣ እታለም፣ ዛሬ እኔ እዘጋዋለሁ» አለቻት። ሌላ ምንም።

«ሌላ ልጅ አለሽ?»

ፊቷ በራ። «ትንሹ! ሦስት ዓመቱ ነው፣ የሕፃናት መዋያ ነው አሁን። እሱን የሰጠችኝ ዶክተርዬ ናት ብል አላጋነንኩም። ከትልቁ በኋላ መውለድ ፈርቼ ነበር። ደሜን አይታ ‹ካንቺ አይደለም የመጣው፣ እታለም፣ እሱ ላይ ብቻ የተፈጠረ ነው፤ አትፍሪ ውለጂ› አለችኝ። ወለድኩ።»

«ደህና ነው?»

«በቅርቡ መውደቅ አብዝቶ ልቤ ቆሞ ነበር። ዶክተርዬ እዚሁ ቤቴ ድረስ መጥታ የእኔንም የእሱንም ደም ወሰደች። ከሦስት ሳምንት በፊት። ከዚያ ‹ደህና ነው› አለችኝ። ይኸው እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አቆመ። «የአንቺንም?»

«አዎ፣ የእኔንም።»

«የአንቺ እኮ ፍሪዘሩ ውስጥ አለ።»

«እኔንጃ… ትኩስ ይሻላል ብላ ይሆናላ» አለች እታለም፣ ሳቅ ብላ።

ትልቁ ልጅ ግን አልሳቀም። አገጩን ከመጽሐፉ ላይ አንስቶ ኢንስፔክተሩን ትክ ብሎ አየው። ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ሰበረ።

*

ዶክተሯ ከላብራቶሪው ጎን ባለችው ጠባብ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ኢንስፔክተሩ የዓርቡን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሳጅኗ በሩ ጋ ቆመች።

«ሩጫ ቅዳሜ ጸጥታው ደስ ብሎት ደብዳቤ ጻፈ» አላት። «ፍሪዘሩ እየሠራ ቢሆን እንኳን ደብዳቤ፣ ስሙንም መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ዓርብ ነው የጠፋው። ዓርብ ደግሞ አንቺ ነሽ የዘጋሽው።» እርስዎ ሳይል አንቺ ማለቱን ሁለቱም ሴቶች ሰሙ። «እንዴት እንዳደረግሽው ገብቶኛል። ለምን እንደሆነ ደግሞ እታለም ሳታውቀው ነገረችኝ።»

ዶክተሯ የእታለምን ስም ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። 

«የመጀመሪያው ወር ነበር» አለች። «ሥራ የጀመርኩበት። ሁለት ቀን አልተኛሁም፤ ኮንትራቴ የሦስት ወር ሙከራ ነበር። ሁለት እናቶች በአንድ ጠዋት ደም ሰጡ። ብልቃጡ ላይ ስም አንጽፍም፣ ቁጥር ነው። አርባ አንድና አርባ ሁለት። አቀያየርኳቸው።»

«ማንም አላወቀም?»

«እኔም አላወቅኩም። አርባ አንድ፣ ማለትም እታለም፣ ንጹሕ ናት ብሎ ውጤቱ ወጣ። እታለም መጥታ ጠየቀችኝ። መመለስ አልነበረብኝም። የእኛ ሥራ ምርምር ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ለአንድም እናት ‹ውለጂ› ማለት ክልክል ነው። ግን በየቀኑ ነው የማያት። ደስ ሊላት ነው ብዬ ነገርኳት።»

«ትንሹስ?»

«አለበት» አለች። «ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። አለበት። እሷም ተሸካሚ ናት።»



«አርባ ሁለተኛዋስ?» አለ ኢንስፔክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሷም ጠይቃኝ ነበር። ተሸካሚ ነሽ አልኳት። ሌላ እንዳትወልድ ማህፀኗን አስቋጠረች። አንድ ልጇ ደግሞ አምና ሞተ።»

ከውጭ የተማሪዎች ሳቅ ተሰማ፤ ኮሪደሩን አቋርጦ ራቀ።

«በሚቀጥለው ወር ናሙናዎቹ እንደገና ሲነበቡ ስህተቱ ይወጣ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሁለቱን ብልቃጥ ብቻ ብታጠፊ ደግሞ ለምን ሁለቱ ብቻ ይባላል። ስለዚህ ሁሉንም።»

«ሁሉንም። ሶኬቱን ይዤ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። የሞቱትን ልጆች በቁጥር በቁጥራቸው አውቃቸዋለሁ። አውቄያቸው ነው የነቀልኩት። ለእታለም ብዬ ነው፣ ልቧ እንዳይሰበር ነው ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። ሲነገራት ፊቷን ማየት ፈራሁ። ይኸው ነው።»

ኢንስፔክተሩ ተነሳ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሲያምን ደረቱ ቀለል ይለው ነበር። አሁን እንዲያውም ከበደው።

«እንዳይነግሯት» አለች ዶክተሯ። «እባክዎን።»

«ከመዝገብ ላይ ልፍቀው አልችልም። ልጁም ሐኪም ያስፈልገዋል። ወይ እኔ እነግራታለሁ፣ ወይ አንቺ። አንቺ ብትሆኚ ይሻላል።»

«አርባ ሁለተኛዋንስ?»

«ለእሷ እኔ ራሴ እሄዳለሁ።»

*

ሳጅኗ ሄዳ እታለምን አመጣቻት። ስትገባ ኢንስፔክተሩ ዶክተሯ ላይ ቆሞ፣ ሳጅኗም በሩን ስትይዝ አይታ ተቆጣች።

«ምን አድርጋ ነው የከበባችኋት? ጎስቁላ አይታያችሁም? ዶክተርዬ፣ በልተሻል?»

«እታለም፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ዶክተሯ ነገረቻት። አላሳጠረችውም፣ አላሳመረችውም። ብልቃጡን፣ ቁጥሩን፣ የሦስት ሳምንቱን ደም፣ ዓርብን። ኢንስፔክተሩ መስኮቱን እያየ ሰማ፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ጡቦች ይቆጥር ጀመር፣ ሠላሳ ላይ ጠፋበት።

ሲያበቃ እታለም ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፤ በሳሙናና በሙቅ ውሃ የነደዱ፣ ቀይ እጆች።

«ያኔ ውለጂ ስትዪኝ… ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። በነፍሴ።»

«ከሦስት ሳምንት በፊትስ፣ ደህና ነው ስትዪኝ?»

«አውቅ ነበር።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች፤ ብዙ ጊዜ ነቀነቀች።

«ያኔውን ምን ልበልሽ? ያኔ እውነቱን ብታውቂና ብትነግሪኝ ኖሮ አልወልደውም ነበር። እሱ አይኖርም ነበር። በምን አፌ ነው ለምን አልነገርሽኝም የምልሽ?» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሦስቱ ሳምንት ግን… እየዘፈንኩ ስገባ ስወጣ እያየሽኝ! ለልደቱ ኬክ ቆርጠሽ በልተሻል እኮ። ከእኔ ጋር አብረሽ አጨብጭበሻል።»

«ይቅር በይኝ።»

«የእነዚያንስ? ልጃቸው ከሞተ ወዲያ በየዓመቱ እዚህ የሚመጡትን እናቶች? ‹የልጄ አሁንም አለ ወይ?› ሲሉኝ ‹አለ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጧል› የምላቸው እኔ አይደለሁም? አሁን ምን ልበላቸው?»

 እታለም ተነሳች፣ ሄዳም ዶክተሯ ፊት ቆመች። ኢንስፔክተሩ ትመታታለች ብሎ አንድ እርምጃ ቀረበ። እታለም ግን የዶክተሯን ጋወን አንገትጌ፣ የታጠፈውን፣ በሁለት ጣቷ አቃናችላት፤ ለዓመታት በየጠዋቱ ታደርገው እንደነበረ ያስታውቃል። ከዚያ እጇን ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ሳበችው።

«ከእንግዲህ እታለም አትበዪኝ» አለቻት።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «ዘጠኝ ተኩል ላይ መዋያው ይዘጋል» ብላ ለራሷ ተናግራ ወጣች።

ሳጅኗ ዶክተሯን ወደ መኪና ወሰደቻት። እጇን አላሰረቻትም።

*

ኢንስፔክተሩ እታለምን በራሱ መኪና አደረሳት። በመንገድ ላይ እሷ አንድ ጊዜ ብቻ «ትልቁ ያውቃል መሰለኝ፤ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ነው ያወቀው» አለች።

መዋያው በር ላይ ልጆች በየአቅጣጫው ይወጣሉ። ትንሹ የመጨረሻው ነበር። ሰማያዊ ቦርሳ ይዟል፤ እናቱን ሲያይ ሮጠ፣ ሦስት እርምጃ ሮጦ ወደቀ። አላለቀሰም። መሬቱን ተደግፎ፣ ቀጥሎ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ጭኑን እየተደገፈ፣ የራሱን ገላ እንደ መሰላል እየወጣ ተነሳ። እታለም ይህን ብዙ ጊዜ አይታው ይሆናል፤ ትልቁም እንዲህ እንደነበር አሁን ነው ወደ ልቧ የተመለሰው። 

መኪናው ከመንገዱ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ ነበር የቆመው።

«እኔ ልሸከመው» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን እየዘረጋ።

«ተወው፣ ወንድሜ» አለች። እንባዋን ለልጁ እንዳይታይ በትከሻዋ ጠረገችና አንድ ጣቷን ሰጠችው። «በእግሩ ይሂድ። እየቻለ ይሂድ።»

ልጁ ጣቷን ያዘ፣ ስለ አንድ ቀይ ኳስ እያወራላት። ዳገቱን በጣም፣ በጣም ቀስ ብለው ጀመሩት፤ ኢንስፔክተሩም ሊቀድማቸው እንዳይሆን እርምጃውን እየቆጠበ ከኋላቸው ሄደ።